የቲታኒየም ቅይጥ ውስጣዊ መዋቅር በትኩስ ፎርጂንግ እንዴት እንደሚወሰን

ስለ ፎርጂንግ፣ ማለትም ብረታ ብረትን አግሎ በመቀጥቀጥ ወይም በመጫን ስለመቅረጽ፣ ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ቅርጽን ነው። የጋለው ቁራጭ በሁለት ሻጋታዎች መካከል ተጨፍልቆ ዲስክ ወይም ሌላ ክፍል ይሆናል፣ ትርፉ ይቆረጣል፣ ቀሪው ሥራ ለማሽን ክፍል ይተላለፋል። ለቲታኒየም ቅይጦች ግን ይህ አመለካከት ዋናውን ጉዳይ ያስቀራል። የሚፈለገው ቅርጽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከወፍራም ቁራጭ ላይ በማሽን እየፋቁ ማውጣት በተቻለ ነበር፤ እንዲያውም ከፎርጂንግ የሚወጡት አብዛኞቹ የአውሮፕላን ክፍሎች ከመጨረሻ ቅርጻቸው እጅግ የወፈሩ በመሆናቸው፣ የክብደታቸው ትልቁ ድርሻ ኋላ ላይ ተፍቆ ይጣላል። በዚያ ሁሉ ሙቀትና ጉልበት የሚገኘው ጥቅም በዓይን የማይታየው የክሪስታል ቅንጣቶች አደረጃጀት ነው። ይህ አደረጃጀት በፎርጂንጉ ወቅት ካልተስተካከለ ከዚያ በኋላ የሚደረግ የሙቀት ሕክምና (ማሞቅና ማቀዝቀዝ) ሊያስተካክለው አይችልም። ይህን የምለው ነገሩ በሙያው ውስጥ ባሉ ሰዎች ዘንድ እንኳ በቂ ክብደት እንደማይሰጠው ስለማምን ነው።

ምክንያቱን ለማየት ከሁለቱ ፌዞች፣ ማለትም አቶሞቹ ከሚደረደሩባቸው ሁለት መልኮች፣ መነሳት ያስፈልጋል። ንጹህ ቲታኒየም ከ882 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አልፋ በሚባል ፌዝ ላይ ይገኛል፤ በዚህ ፌዝ አቶሞቹ ባለ ስድስት ጎን አደረጃጀት ይይዛሉ። ከዚያ ሙቀት በላይ አቶሞቹ በኩብ ማዕዘኖችና በኩቡ መካከል ወደሚቀመጡበት ወደ ቤታ ፌዝ ይለወጣል። አሉሚኒየም፣ ኦክስጅንና ናይትሮጅን አልፋን ያጸናሉ፤ ቫናዲየም፣ ሞሊብዲነም፣ ብረትና ክሮሚየም ደግሞ ቤታን ያጸናሉ። ከቲታኒየም ቅይጦች ሁሉ በስፋት የሚሠራበት፣ በክብደት 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም ያለው ቅይጥ፣ በመደበኛ የአየር ሙቀት ሁለቱንም ፌዞች አብሮ ይይዛል፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ቤታ የሚለወጠው በ995 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህን የሙቀት መጠን ከዚህ በኋላ የቤታ ወሰን፣ ቅይጡን ደግሞ ባጭሩ 6-4 እለዋለሁ።

አረብ ብረት ላይ የሠራ ሰው እዚህ ላይ አንድ ልማዱን መተው ይኖርበታል። አረብ ብረት ቅንጣቶቹ ቢተልቁበት እንደገና ማሞቅና ማቀዝቀዝ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል፤ በእያንዳንዱ የፌዝ ለውጥ አዳዲስ ትናንሽ ቅንጣቶች ስለሚወለዱ መዋቅሩ ይታደሳል። ቲታኒየም ይህ ዕድል የለውም። ቤታ ሲቀዘቅዝ ከውስጡ የሚወጣው አልፋ ጥብቅ የአቅጣጫ ሥርዓትን ይከተላል፤ ከአንድ የቤታ ቅንጣት ሊወጡ የሚችሉት የአልፋ አቅጣጫዎች 12 ብቻ ሲሆኑ፣ መልሶ ሲሞቅም በአብዛኛው ያው የቀድሞው የቤታ ቅንጣት ተመልሶ ይመጣል። በዚህም ላይ ከቤታ ወሰን በላይ የቅንጣቶቹን ድንበር ይዞ የሚያቆይ አልፋ ስለማይኖር የቤታ ቅንጣቶች በፍጥነት ያድጋሉ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማይክሮሜትሮች፣ አንዳንዴም ሚሊሜትሮች ይደርሳሉ። ስለዚህ ቅንጣቶቹ የተለቁበትን መዋቅር ማሞቅ ብቻውን አይሰብረውም። የሚሰብረው በትክክለኛው ሙቀት ላይ የሚደረግ ቅጥቀጣ ነው።

ከማቅለጫው የሚወጣው ኢንጎት (ቀልጦ የረጋው ጥሬ ግንድ) ቅንጣቶቹ በሴንቲሜትር ሊለኩ የሚችሉ ናቸው። የተለመደው መንገድ ይህን ኢንጎት መጀመሪያ ከቤታ ወሰን እጅግ በላይ፣ ብዙ ጊዜ ከ1100 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት፣ እየቀጠቀጡ የመጀመሪያውን ሸካራ መዋቅር መስበር ነው። ቀጥሎ ሙቀቱ ከወሰኑ በታች ይወርድና የተወሰነ ቅጥቀጣ ይደረጋል፤ ይህም በቁሱ ውስጥ የክሪስታል ጉድለቶችን ያከማቻል። ከዚያ ቁራጩ እንደገና ከወሰኑ በላይ ሲሞቅ እነዚህ የተከማቹ ጉድለቶች በሚሰጡት ኃይል አዳዲስና ያነሱ የቤታ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ ወዲያውም በውሃ ይቀዘቅዛል። የመጨረሻው ረጅም ቅጥቀጣ ከዚህ በኋላ፣ ከወሰኑ በታች፣ ደረጃ በደረጃ ይካሄዳል። ዝርዝሩ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ እያንዳንዱ እርምጃ ለሚቀጥለው የሚሆነውን መነሻ መዋቅር ያዘጋጃል።

በዚህ ሂደት ውስጥ እጅግ የሚማርከኝ ንጣፎች ወደ ክብ መሳይ ቅንጣቶች የሚለወጡበት ክፍል ነው። ከቤታ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው አልፋ ስስ ንጣፎችን ይሠራል፤ ንጣፎቹ እንደ መጽሐፍ ገጾች በትይዩ ተደራርበው በመካከላቸው ቀጭን ቤታ ይዘው ይቆማሉ። አንድ ዓይነት አቅጣጫ ያላቸው ንጣፎች በአንድነት ቡድን ይሠራሉ፤ የቡድኑ ስፋት ብዙ መቶ ማይክሮሜትር ሊሆን ይችላል፣ የአንዱ ንጣፍ ውፍረት ግን እንደ ማቀዝቀዣው ፍጥነት ከአንድ ማይክሮሜትር በታች እስከ ጥቂት ማይክሮሜትሮች ነው። ይህ መዋቅር ከወሰኑ በታች ሲቀጠቀጥ ንጣፎቹ ይጎብጣሉ፣ ይታጠፋሉ፣ በውስጣቸውም አዳዲስ የአቅጣጫ ድንበሮች ይፈጠራሉ። ድንበሩ የንጣፉን ገጽ በሚነካበት ቦታ ላይ የገጽታ ኃይሎች እንዲመጣጠኑ ትንሽ ቦይ ይቆፈራል፤ በቦዩ ውስጥ ቤታ ይገባል፤ ቦዩ ከሁለቱም ወገን እየጠለቀ ሄዶ ንጣፉን ይቆርጠዋል። ተቆራርጠው የቀሩት አጫጭር ቁርጥራጮች ሙቀቱ በሚሰጣቸው የአቶም እንቅስቃሴ ጊዜ ባገኙ መጠን ይክባሉ። እንግዲህ ቅጥቀጣው ድንበሮቹን ይዘራል፣ ሙቀትና ጊዜ ደግሞ መቁረጡን ይጨርሳሉ ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሥራው በግማሽ ይቀራል።

ይህ ለውጥ የሚጠይቀው የቅርጽ ለውጥ መጠን ከሚገመተው በላይ ነው። ንጣፎቹ መሰባበር የሚጀምሩት በመጠነኛ ለውጥ ላይ ቢሆንም፣ በቅጥቀጣው ወቅት ሥራውን እስከ ፍጻሜ ለማድረስ ብዙ ጊዜ 2 እና ከዚያ በላይ የሚደርስ የሎጋሪዝም መለኪያ (የመነሻው ቁመት ለመጨረሻው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም) ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ይቻላል፤ 1 ሜትር ቁመት ያለው ቁራጭ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢጫን ቁመቱ ወደ 13.5 ሴንቲሜትር መውረድ ይኖርበታል። በአንድ ምት ይህን ማድረግ ስለማይቻል ቁራጩ እየተገላበጠ፣ እየተረዘመና እየታጨቀ በተደጋጋሚ ይሠራበታል፣ በየመሃሉም ወደ እቶን እየተመለሰ ይሞቃል። የቅርጽ ለውጡ አጠቃላይ ድምር አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ አቅጣጫውን እየቀያየሩ መሥራት ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ቅጥቀጣ ጋር እኩል ውጤት አይሰጥም፤ በአንዱ ምት የተፈጠረው የንጣፍ ጥምዘዛ በተቃራኒው ምት በከፊል ሊቃና ይችላልና። የንጣፎቹ ውፍረትም ብዙ ይወስናል። ስሱ ንጣፍ ቶሎ ይቆረጣል፣ ወፍራሙ ይዘገያል፤ ቀደም ብዬ ያነሳሁት የውሃ ማቀዝቀዣ አንዱ ዓላማ ይኸው ነው። የትልቅ ቢሌት (ለፎርጂንግ የተዘጋጀ ወፍራም ግንድ) መሃል ግን ውሃው ምንም ያህል ቢቀዘቅዝ በዝግታ መብረዱ ስለማይቀር ወፍራም ንጣፎችንና ሰፋፊ ቡድኖችን ይዞ ይቀራል። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሙቀቱ የሚወስነው ሁለት ነገሮችን ነው፤ ቁሱ ምን ያህል እንደሚለሰልስና በቅጥቀጣው ጊዜ ስንት በመቶ አልፋ እንደሚኖር። 6-4 በ900 ዲግሪ አካባቢ ሲቀጠቀጥ በውስጡ ብዙ አልፋ ስላለ ጠንካራ ነው፣ የሚያስፈልገው ኃይልም ከፍተኛ ነው፣ ስንጥቅም ያሰጋዋል። ወደ 970 ሲጠጋ አልፋው በፍጥነት ይቀንሳል፤ ከወሰኑ አጠገብ የአልፋው ድርሻ ከሙቀቱ ጋር የሚለወጥበት ግራፍ እጅግ ቁልቁል የሚወርድ በመሆኑ የ10 ዲግሪ ልዩነት እንኳ በማይክሮስኮፕ በግልጽ የሚታይ ለውጥ ያመጣል። ለፎርጂንግ እቶኖች በተለምዶ ከሚፈቀዱት የልዩነት መጠኖች አንዱ ከታቀደው ሙቀት በላይና በታች 14 ዲግሪ መሆኑን ስናስብ፣ በአንድ እቶን ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቁራጮች የተለያየ መዋቅር ይዘው ሊወጡ እንደሚችሉ እንረዳለን።

የቤታ ወሰኑ ራሱም ቋሚ ቁጥር አይደለም። ኦክስጅን አልፋን ስለሚያጸና ወሰኑን ከፍ ያደርገዋል፤ ኦክስጅኑ እንዲቀንስ ተደርጎ የሚመረተው የ6-4 ዓይነት ከመደበኛው ይልቅ ወሰኑ በ20 ዲግሪ አካባቢ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የ995ን ቁጥር ከመጽሐፍ አንስቶ ለሁሉም ቅልጥ (በአንድ ጊዜ ለቀለጠ ምርት) መጠቀም አደገኛ ነው። ትክክለኛው አሠራር ከእያንዳንዱ ቅልጥ ትናንሽ ናሙናዎችን ወስዶ በጥቂት ዲግሪ ልዩነት ደረጃ በደረጃ ማሞቅ፣ ወዲያው በውሃ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም ቀዳሚው አልፋ (ሲሞቅ ወደ ቤታ ሳይለወጥ የቀረው) የጠፋበትን ሙቀት በማይክሮስኮፕ መለየት ነው። የፎርጂንጉ ሙቀትም መታዘዝ ያለበት በወሰኑ ልክ፣ «ከወሰኑ ይህን ያህል ዝቅ ብሎ» በሚል አገላለጽ ነው።

አሁን ወደ ፍጥነት ልምጣ፤ በእኔ ግምት ከሁሉም ሁኔታዎች ይበልጥ የሚዘነጋው ይህ ነው። መሣሪያዎቹ በፍጥነት እጅግ ይራራቃሉ። መዶሻ ቁሱን በሴኮንድ 10 እና ከዚያ በላይ በሆነ የቅርጽ ለውጥ ፍጥነት ይመታዋል፣ ሃይድሮሊክ ፕሬስ በመቶኛ ወይም በአሥረኛ ደረጃ ይጫነዋል፣ ሻጋታውም እንደ ቁራጩ በሚሞቅበት ዘዴ ደግሞ ፍጥነቱ እስከ ሺኛ ይወርዳል። በዚህ ዝቅተኛ ፍጥነትና በተስማሚ ሙቀት ጥቃቅን ቅንጣቶች ያሉት 6-4 ሳይበጠስ ብዙ እጥፍ ሊሳብ ይችላል፤ ቅንጣቶቹ ራሳቸው አንዱ በአንዱ ላይ እየተንሸራተቱ ይለወጣሉ። በከፍተኛ ፍጥነት ግን ከባድ ችግር ይመጣል። ለቅርጽ ለውጥ የወጣው ሥራ 95 በመቶ ያህሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ 6-4 ደግሞ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ በመደበኛ የአየር ሙቀት ከተራ አረብ ብረት በሰባት እጥፍ ያህል ስለሚያንስ ሙቀቱ ከተወለደበት ቦታ ቶሎ አይወጣም።

በቁጥር እንየው። የቁሱ ውስጣዊ ውጥረት 200 ሜጋፓስካል፣ በአንድ ቦታ ላይ የሚደረገው የቅርጽ ለውጥ ደግሞ 0.7 ነው እንበል። በአንድ ሜትር ኩብ የሚወጣው ሥራ 140 ሚሊዮን ጁል ይሆናል፤ ከዚህ 95 በመቶው 133 ሚሊዮን ጁል ነው። የቅይጡ ጥግግት በሜትር ኩብ 4430 ኪሎግራም፣ በዚያ ሙቀት ላይ ያለው ልዩ ሙቀት በኪሎግራም 700 ጁል ገደማ ስለሆነ፣ የሙቀቱ ጭማሪ ወደ 43 ዲግሪ ይደርሳል። ከእቶን በ960 ዲግሪ የወጣ ቁራጭ ምቱ በበረታበት በመሃሉ 1003 ዲግሪ ደረሰ ማለት ነው፤ ይኸውም ከቤታ ወሰን በላይ ነው። የእቶኑ መዝገብ 960 ብሎ ይመሰክራል፤ የቁራጩ መሃል ግን ንጣፋማ መዋቅር ይዞ ይገኛል። ይህን አይቶ እቶኑን መውቀስ ከንቱ ነው። መፍትሔው የመነሻውን ሙቀት ዝቅ ማድረግ፣ ምቱን ማለዘብ ወይም በአንድ ጊዜ የሚደረገውን ለውጥ በተለያዩ ምቶች መከፋፈል ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። የሞቀው ቦታ ስለሚለሰልስ ቀጣዩ የቅርጽ ለውጥ እሱ ላይ ይከማቻል፣ ሲከማችበት ይበልጥ ይሞቃል፣ ይበልጥም ይለሰልሳል። በመጨረሻ ለውጡ ሁሉ በአንድ ጠባብ ቀበቶ ውስጥ ያልቃል፤ ከቀበቶው ግራና ቀኝ ያለው ቁስ ሳይሠራበት ይቀራል። ንጣፋማ መዋቅር ለዚህ በሽታ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ የንጣፎቹ መሰባበር በራሱ መለስለስን ስለሚያስከትል ነው። ሻጋታው ደግሞ በተቃራኒው ያጠቃል። በተለመደው አሠራር ሻጋታዎች ከ200 እስከ 430 ዲግሪ ብቻ ይሞቃሉ፤ 950 ዲግሪ ያለው ቁራጭ ሲነካቸው ቆዳው በቅጽበት ይበርዳል፣ ይጠነክራል፣ ሳይለወጥም ይቀራል። በሻጋታው ፊት ሥር ያለው ይህ የሞተ ክልል የመነሻውን መዋቅር እንዳለ ይዞ ይወጣል። አዝጋሚው ፕሬስ ውስጡን ከመጋል ሲያድነው ቆዳውን ለመብረድ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ፈጣኑ መዶሻ ቆዳውን ሲያድን ውስጡን ያግላል። ሻጋታውን እስከ ቁራጩ ሙቀት ማድረስ ሁለቱንም ይፈታል፤ ነገር ግን ሻጋታው ራሱ ከኒኬል ወይም ከሞሊብዲነም ቅይጥ መሠራት አለበት፣ ሞሊብዲነም ከሆነም እንዳይቃጠል ከአየር ተከልሎ መሥራት ግድ ይላል። ዋጋው ውድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለሞተር ዲስክ ግን የሚገባ ወጪ ነው ብዬ አምናለሁ።

እስካሁን ንጣፋማውን መዋቅር እንደ ጉድለት የገለጽኩት ሊመስል ይችላል፤ ሁልጊዜ ግን ጉድለት አይደለም። ክብ መሳይ መዋቅር የተሻለ የመለጠጥ አቅም አለው፣ ስንጥቅ እንዳይጀምርም ይከላከላል። ንጣፋማው ደግሞ የጀመረን ስንጥቅ እያጠማዘዘ ያዘገየዋል፤ በከፍተኛ ሙቀት ለረጅም ጊዜ የሚጫንን ኃይልም የበለጠ ይቋቋማል። ለ6-4 በተለምዶ የሚጠቀሰው የስንጥቅ መቋቋሚያ መለኪያ ለክብ መሳዩ ከ44 እስከ 66፣ ለንጣፋማው ከ88 እስከ 110 ሜጋፓስካል በሜትር ካሬ ሥር ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ክፍሎች ሆን ተብሎ ከወሰኑ በላይ ይቀጠቀጣሉ። ይህ መንገድ ግን ይቅርታ አያውቅም። ቅጥቀጣው ከወሰኑ በላይ አልቆ ቁራጩ በዝግታ ከቀዘቀዘ፣ በቀድሞዎቹ የቤታ ቅንጣቶች ድንበር ላይ ቀጣይነት ያለው የአልፋ ፊልም ይዘረጋል፤ ስንጥቅ ደግሞ ይህን ፊልም እንደ መንገድ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ቁራጩ እየቀዘቀዘ ወሰኑን ሲያቋርጥ ቅጥቀጣው እንዲቀጥልና ፊልሙ እየተፈጠረ እንዲሰባበር ይደረጋል። ከእቶን እስከ ፕሬስ የሚፈጀው ሴኮንድ እዚህ ላይ የመዋቅሩ አካል ይሆናል።

የማቀዝቀዣውን ፍጥነት በተመለከተ ብዙ አልልም። ከወሰኑ በላይ ሆኖ እጅግ በፍጥነት የቀዘቀዘ 6-4 ማርቴንሳይት የተባለ መርፌ መሳይ መዋቅር ይይዛል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ፍጥነት በሴኮንድ በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ስለሆነ በወፍራም ክፍል መሃል አይገኝም። ከወሰኑ ትንሽ ዝቅ ካለ ሙቀት በመጠኑ ፈጠን ብሎ ሲቀዘቅዝ ቀዳሚው ክብ መሳይ አልፋ ይቀራል፣ በመካከሉ ያለው ቤታ ደግሞ ወደ ስስ ንጣፎች ይለወጣል፤ ከሁለቱም ዓለም ጥቅም የሚሰጠው ድብልቅ መዋቅር ይህ ነው። ለብዙ የሚዞሩ የአውሮፕላን ሞተር ክፍሎች የሚመረጠውም እሱ ነው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ደርሻለሁ። በተለመደው አሠራር ናሙናው ተቆርጦ ይወለወላል፣ መዋቅሩ እንዲታይ ገጹ ሃይድሮፍሎሪክና ናይትሪክ አሲድ ባለበት ፈሳሽ በስሱ ይበላል፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። 10 ማይክሮሜትር ስፋት ያላቸው ያማሩ ክብ መሳይ ቅንጣቶች ከታዩ መዋቅሩ «ደቃቅ» ተብሎ ይጸድቃል። ይህ ምስል ግን ያላሳየው ነገር አለ። ከአንድ የንጣፍ ቡድን የተቆራረጡ ቅንጣቶች ቅርጻቸው ክብ ቢሆንም የክሪስታል አቅጣጫቸው ከእናት ቡድናቸው የራቀ ላይሆን ይችላል። በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች አንድ አቅጣጫ ይዘው አንድ ላይ ሲገኙ በሚሊሜትር የሚለካ ክልል ይሠራሉ፤ በሙያው ማክሮዞን ይባላል። ለጭነቱ ይህ ክልል እንደ አንድ ግዙፍ ቅንጣት ነው። ቀደም ብዬ ያነሳሁት የትልቅ ቢሌት መሃል፣ ሰፋፊ ቡድኖችንና ወፍራም ንጣፎችን ይዞ የቀረው ክፍል፣ ማክሮዞን የሚሰፋበት ዋነኛ ቦታ ነው። ቡድኑ ለቅጥቀጣው አቅጣጫ ጠንካራ ሆኖ ከተቀመጠ ደግሞ ለውጡን ለጎረቤቶቹ እየተወ ራሱ ሳይሰበር ብዙ ምቶችን ያልፋል።

መዘዙ የታወቀው ከባድ ዋጋ ተከፍሎበት ነው። በ1970ዎቹ (እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር) መጀመሪያ ላይ የአርቢ211 የአውሮፕላን ሞተር የፋን (የፊት ማራገቢያ) ዲስኮች ከታሰበላቸው ዕድሜ እጅግ ቀድመው ሲሰበሩ፣ ኢንጂነሮች አዲስ የድካም (በተደጋጋሚ ጭነት የሚመጣ መሰንጠቅ) ዓይነት ከፊታቸው ቆመ፤ ጭነቱ ወጥቶ ወዲያው ሲወርድ ቁሱ ብዙ ይኖራል፣ ጭነቱ በከፍታው ላይ ለደቂቃዎች ተይዞ ሲቆይ ግን ዕድሜው በብዙ እጥፍ ያጥራል። ምክንያቱ ቲታኒየም በቀዝቃዛ ሁኔታም ቢሆን በዝግታ የሚለወጥ መሆኑ ነው። ለጭነቱ በልስላሴ የተቀመጠው ክልል በቆይታው ጊዜ እየተለወጠ ጭነቱን አጠገቡ ላለው ጠንካራ ክልል ያስተላልፋል፣ ጠንካራው ክልልም በመጨረሻ በአንድ የክሪስታል ገጽ ላይ ይሰነጠቃል። ከአርባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ጉዳዩ አልተዘጋም። መስከረም 30 ቀን 2017 እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ከፓሪስ ወደ ሎስ አንጀለስ ይበር የነበረ ኤ380 አውሮፕላን ግሪንላንድ ላይ ሳለ ከአራት ሞተሮቹ የአንዱ ፋን ከነማዕከሉ ተገንጥሎ ወደቀ፤ አውሮፕላኑ ካናዳ ውስጥ በሰላም አረፈ፣ የተጎዳ ሰውም አልነበረም። ከበረዶው ሥር ተፈልጎ በ2019 የወጣው የማዕከሉ ቁራጭ ሲመረመር ስንጥቁ የጀመረው ከገጹ በታች ካለ ማክሮዞን ሆኖ ተገኘ። ማዕከሉ የተሠራው ከ6-4 ነበር፤ ይህ ቅይጥ ደግሞ ለዚህ የድካም ዓይነት ያን ያህል ተጋላጭ አይደለም ተብሎ ይታሰብ የነበረ ነው።

ከዚህ የምወስደው አቋም ግልጽ ነው። ለሚዞር የሞተር ክፍል የሚሆን ፎርጂንግ በብርሃን ማይክሮስኮፕ በሚታይ የቅንጣት መጠን ብቻ መጽደቅ የለበትም። የተበተኑ ኤሌክትሮኖችን በመጠቀም የእያንዳንዱን ቅንጣት አቅጣጫ የሚለካው ዘዴ ማክሮዞኑን በቀለም ለይቶ ያሳያል፤ ዘዴው አዝጋሚ ነው፣ የሚሸፍነውም ትንሽ ስፋት ነው፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍል ሊደረግ አይችልም። ለአዲስ ቅይጥ፣ ለአዲስ የቢሌት መጠን ወይም ለአዲስ የቅጥቀጣ ቅደም ተከተል ግን ሳይደረግ ወደ ምርት መሻገር ተገቢ አይደለም።

የቤታ ይዘታቸው ከፍ ያለ ቅይጦች ሌላ ጠባይ አላቸው። 10 በመቶ ቫናዲየም፣ 2 በመቶ ብረትና 3 በመቶ አሉሚኒየም ያለው፣ በቦይንግ 777 ዋና የማረፊያ እግር ላይ ያገለገለው ቅይጥ፣ ወሰኑ 800 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሙቀቱ ዝቅ ስለሚል ሻጋታውን እስከ ቁራጩ ማሞቅ ይቀላል፤ በአንጻሩ የፎርጂንጉ የሙቀት ክልል የጠበበ ነው፣ የመጨረሻው ቅጥቀጣ ከወሰኑ በታች ምን ያህል እንደሆነም ጥንካሬውንና የመለጠጥ አቅሙን በቀጥታ ይወስናል።

በተግባር የሚጎድለው ነገር መዝገቡ ላይ ይታያል። አብዛኛው የፎርጂንግ መዝገብ የእቶኑን ሙቀት፣ የቆይታውን ጊዜና የምቶቹን ብዛት ይይዛል። ከላይ እንዳየነው ግን መዋቅሩን የሚወስነው እያንዳንዱ የቁራጩ ነጥብ ያለፈበት የሙቀት፣ የቅርጽ ለውጥና የፍጥነት ታሪክ ነው፤ ይህም ከመሃል ወደ ጠርዝ ይለያያል። የኮምፒውተር ስሌት ይህን ታሪክ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሊገምት ይችላል፤ ለመታመን የሚበቃው ግን ከቁራጩ ወደ ሻጋታው የሚያልፈው ሙቀትና የሰበቃው መጠን በሙከራ ተለክተው ሲገቡለት ነው። ስሌቱ የመጀመሪያውን ክፍል ከመቅረጽ በፊት አንድ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል፤ ሙቀቱ ከወሰኑ ያለፈበትን፣ ለውጡ ያነሰበትንና ቆዳው የበረደበትን ቦታ አስቀድሞ ያመለክታል። የመጀመሪያው ምርት ተቆርጦ ሲመረመር ናሙናዎቹ መወሰድ ያለባቸው ከእነዚህ ሦስት ቦታዎች ነው። ለመቁረጥ ምቹ ስለሆነ ብቻ ከጠርዙ የሚወሰድ ናሙና የሚመሰክረው ስለ ጠርዙ ብቻ ነው፤ ዲስኩ በሚዞርበት ጊዜ ከባዱ ጭነት የሚያርፈው ግን ከማዕከሉ ቀዳዳ ዙሪያ ነው።